ከምድጃው ጀርባ ሦስት ጣሳ

ለቡ ታክሲ መያዣው አጠገብ፣ ከነቅርፊቱ የተቆላ ኦቾሎኒ በሰፌድ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት አለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ብርጭቆ አስለክቼ፣ እንደ ልማዴ፣ አንድ በአንድ እያገላበጥኩ አየሁት። ሴትየዋ ተቀየመች።

«እትዬ፣ ነቀዝ የለበትም እኮ! ኦቾሎኒ ነው የሚገዙት ወይስ ወርቅ?»

አልፈረድኩባትም። ይህ ከአርባ ዓመት በላይ አብሮኝ የኖረ ልማድ መሆኑን በምን ትወቅ? አንዷን ትንሽ፣ ቅርፊቷ የተሸበሸበ፣ ጫፏ ላይ እንደ አፍንጫ ቆልመም ያለች አነሳሁና በጥርሴ ያዝኳት። አልሰበርም አለችኝ።

«እሷን ይተዉአት፤ ጥርስ ታወልቃለች። ከምሥራቅ ከሚመጣው ጆንያ ውስጥ እንዲህ ያሉት አይጠፉም» ብላ ልትቀይርልኝ እጇን ዘረጋች። አልሰጠኋትም። ሚኒባሱ ሞልቶ ሄደ፤ እኔ ኦቾሎኒዋን በጉንጬ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ለቡ የስንዴ ማሳ ነበረች። እኛ የምንኖረው ሀና ማርያም፣ ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከዳቦ ቤታችን ጓሮ ነበር። ዱቄቱ በቀበሌ ኮታ ይመጣል። እንጨቱን የፉሪ ገበሬዎች በአህያ ያመጡታል። አባቴ ሌሊት ሲጋግር አድሮ ቀኑን ሙሉ ስለሚተኛ፣ የዚያን ዘመን አባቴን የማስታውሰው በአብዛኛው ከብርድ ልብሱ ሥር በሚወጣው ውስጥ እግሩ ነው። ቤቱን የምትመራው እናቴ ወይዘሮ በላይነሽ ነበረች። እናቴ በዚህ ዓለም ላይ ከነቀዝ የበለጠ ጠላት አልነበራትም። ሬዲዮው ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሲያወራ ሰምታ «እሱስ ቢሆን ነቀዝን ያህል ክፉ ነው?» ስትል፣ አባቴ ከእንቅልፉ ብድግ ብሎ «ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!» ያላትን አልረሳም።

ጋሽ ዩሱፍ የመጡት ሁለተኛ ክፍል በገባሁበት መስከረም ነው። በምሥራቁ ጦርነት ከባቢሌ አካባቢ ተፈናቅለው አዲስ አበባ አንድ ዘመዳቸው ዘንድ ገብተው ነበር። ዘመድየው ቤት ቢጠበው ለእናቴ እንጨት ፈላጭ አድርጎ አመጣቸው። ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለችውን ክፍል ሰጠናቸው። ዕቃቸው አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ መስገጃና አፏ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ አንዲት የሸራ ከረጢት ነበረች። ብርድ ልብሱን መሬት ጥለው፣ ከረጢቷን ግን አይጥ እንዳይደርስባት ጣራው ወራጅ ላይ ሰቀሏት። ሰው ሲሸሽ ወርቁን ይዞ ይወጣል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ወርቅ ነው ብዬ ደመደምኩ። ለጓደኞቼም «ቤታችን ወርቅ ያለው ሰውዬ አለ» ብዬ አወራሁ።

አንድ ቀን ከረጢቷን አውርደው መስገጃው ዳር ሲዘረግፏት በር ላይ ደረስኩ። ወርቅ የሚባል ነገር የለም።

«ኦቾሎኒ ነው እንዴ?»

«አቦ፣ ኦቾሎኒ የምትሉት የሚበላውን ነው። ይሄ ዘር ነው» አሉኝ። «ነይ፣ ቅመሺ። በጥርስሽ ስበሪያት።»

የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ስለነበር በመንጋጋዬ ሞከርኩ። ጥርሴም አመመኝ፣ እሷም አልተሰበረችም። ጋሽ ዩሱፍ ከልባቸው ሳቁ፤ ሲስቁ መጀመሪያ ያየኋቸው ያኔ ነው።

«ባለቤቴ ፋጡማ ናት የመረጠችው» አሉ። «ለውዙ ተነቅሎ ሲደርቅ ትቀመጥና አንድ በአንድ በጥርሷ ትሞክረዋለች። ቶሎ የተሰበረው ለድስት፣ እምቢ ያለው ለዘር። 'ጥርስን ያስቸገረ ነቀዝንም ያስቸግራል' ትላለች። ጎረቤቱ ሁሉ 'ፋጡማ ለውዝ ስትነክስ ትውላለች' እያለ ሳቀባት። ኋላ የእነሱ ጎተራ ዱቄት ሲሆን፣ ከእኛ ቤት ዘር ልመና መጡ። እናቷ ካስተማረቻት ጊዜ ጀምሮ ስትነክስ ነው የኖረችው።»

«አሁን የት ናቸው?»

«መንገድ ላይ ቀረች» አሉና ለውዙን ወደ ከረጢቱ መመለስ ጀመሩ።

እኔ የተረዳሁት በሰማሁት መጠን ነው፤ እግራቸው ዝሎ መንገድ ላይ አረፍ ያሉ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ የተቀመጠች፣ ጓዝ ያላት ሴት ካየሁ ጠጋ እል ነበር። አንዷን እንዲያውም «እትዬ ፋጡማ ነዎት?» ብያታለሁ። «የለም ልጄ፣ አስካለ ነኝ» ብላ ስማ ሸኘችኝ። ጋሽ ዩሱፍ ለምን ሄደው እንደማያመጧቸው እየገረመኝ፣ ትንሽም እየታዘብኳቸው ከረምኩ።

ጋሽ ዩሱፍ እናቴን ሳይቀር «አንቺ» ነበር የሚሏት። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ከነከናት። ኋላ ግን «የሐረርጌ ሰው አንቱታ አልፈጠረበትም፤ አፉ አንቺ ቢልም ልቡ አንቱ ይላል» እያለች ራሷ ትከላከልላቸው ጀመር።

የእኛን ዳቦ ከሚወስዱት ደንበኞች አንዷ ወይዘሪት ሰብለ ነበረች። የዘር ባለሙያ ናት፤ ሱሪ ትለብሳለች፣ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ትዞራለች። የመሥሪያ ቤቷ መኪና ወደ ቆላ ሲወርድ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ የሚጭነው ከእኛ ነው። በኅዳር አንድ ጠዋት ዳቦው እስኪቆጠር ቆማ ሳለች ጋሽ ዩሱፍ መጥረቢያቸውን ጥለው፣ እፍኝ ሙሉ ለውዛቸውን ይዘው ቀረቧት።

«ልጄ፣ እናንተ ቆላ ለውዝ ትዘራላችሁ ሲሉ ሰማሁ። እስቲ ይቺን እያት።»

ሰብለ አንዷን በአውራ ጣቷ ልትሰብር ሞክራ አቃታት። አገላበጠቻት። «ትንሽ ናት። ምርቷም ብዙ አይሆንም፣ አይደል?»

«አይሆንም። እኔ ምን ልዋሽሽ! ግን ጎተራ ገብታ ትከርማለች። የእናንተ ትልልቁ ጎተራ ሲገባ ምን ይሆናል?»

«እሱ ነው የጨነቀን» አለች ሰብለ። «ማሳ ላይ ያስደስታል፤ እስከሚቀጥለው ዘር ግን ነቀዝ ይጨርሰዋል። ነቀዝ የማይደፍረው ዓይነት ነው የጠፋብን።»

«እንኪ፣ ውሰጃት እንግዲህ።»

ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አልነበረም። ዝርዝር ውስጥ ያልገባ ዘር መኪናው ላይ አይጫንም። ዝርዝር ውስጥ ለመግባት ከነቀዝ ጋር ታሽጎ መፈተን አለበት። ነቀዝ ደግሞ በአዲስ አበባ ብርድ ስለሚደነዝዝ ፈተናው ሙቅ ክፍል ይፈልጋል፤ የመሥሪያ ቤቱ ሙቅ ክፍል ሞልቷል። ሰብለ ይህን ሁሉ በትዕግሥት አስረዳችና፣ «የለውዝ ዘር ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው፤ በሚመጣው ክረምት ካልተዘራ እንጃ መብቀሉን» አለች።

«አውቃለሁ። እኮ ለዚያ ነው የምለምንሽ። የእናንተ ብርድ ለውዝ አያሳድግም። አገሬ እንዳልገባ ገና አልረጋም። ዘንድሮ አፈር ካላገኘች ከረጢት ውስጥ ትሞትብኛለች።» ከዚያ ክንዷን ይዘው ከምድጃው ጀርባ ወዳለው ግድግዳ ወሰዷት። «ሙቀት ነው የጠፋሽ? እጅሽን አድርጊ።»

ሰብለ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ወዲያው አነሳች፣ ሳቀች። «ይሄማ ቆላ ነው!»

እናቴን ማሳመኑ ግን ከፈተናው ይከብድ ነበር። «ዱቄት ባለበት ቤት፣ በገዛ እጄ፣ ነቀዝ ላስገባ?» ብላ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ሰብለ የለውዝ ነቀዝ ስንዴ እንደማይነካ ማለች። «ነቀዝ ነቀዝ ነው፤ መታወቂያ አይቼ አለየው!» አለች እናቴ። በመጨረሻ የረቷት ጋሽ ዩሱፍ ይመስሉኛል። ለውዛቸውን ወደ ከረጢታቸው መልሰው መጥረቢያቸውን ሲያነሱ እናቴ ተነፈሰች። «እሺ። ግን ጣሳዎቹ ውሃ በሞላ ትሪ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ነቀዝ ዱቄቴ ላይ ባይ፣ ለውዙም እናንተም ትወጣላችሁ።»

እንዲህ ሆኖ ሦስት የዱቄት ወተት ጣሳዎች ከምድጃው ጀርባ መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። በአንደኛው የመሥሪያ ቤቱ ረጅምና ለስላሳ ዓይነት፣ በሁለተኛው የመሥሪያ ቤቱ ፍሬው ቀይ የሆነው፣ በሦስተኛው የጋሽ ዩሱፍ ባለ አፍንጫዋ ገባች። በየጣሳው መቶ መቶ ተቆጠረ። ሰብለ በጠርሙስ ያመጣችውን ነቀዝ በየጣሳው እኩል እኩል ጨመረች፤ አፋቸው በስስ ጨርቅ ታሰረ። «ፋሲካ ሲቃረብ መጥቼ እቆጥራለሁ። በማግስቱ መኪናው ይወርዳል፤ ካለፈች ከረጢቷን ይዣት እሄዳለሁ። እስከዚያ ጨርቁ አይፈታ» ብላ ሄደች።

ትሪው ላይ ውሃ መሙላት የእኔ ሥራ ሆነ። ከዚያ በፊት የተሰጠኝ ሥራ ሁሉ «አምጪ» እና «ውሰጂ» ነበር፤ «ጠብቂ» ስባል የመጀመሪያዬ ነው። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት፣ ከሰዓት በኋላ ስመለስ፣ በኩባያ ውሃ ይዤ ከምድጃው ጀርባ እገባለሁ። ቦታው ጠባብ ነው፤ የባሕር ዛፍ ጭስና የትኩስ ዳቦ ሽታ ሞልቶበታል። ጆሮዬን ጣሳው ላይ እለጥፍና አዳምጣለሁ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከጥር በኋላ ግን ከረጅሙ ጣሳ ውስጥ ደረቅ፣ ቀጭን ድምፅ ይሰማኝ ጀመር፤ ሰው ሩቅ ሆኖ ቆሎ የሚቆረጥም ይመስል ነበር። የጋሽ ዩሱፍ ጣሳ ዝም ይላል። አንዳንዴ ግን ከእሷም ውስጥ አንድ ሁለት ጊዜ ቀጭ ሲል ሰምቼ ጆሮዬን አጥብቄ እለጥፋለሁ።

ጋሽ ዩሱፍ ጣሳዎቹን በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ጠዋት ሰግደው ሲጨርሱ መጥተው ጥቂት ይቆሙና ወደ እንጨታቸው ይሄዳሉ።

«ማን ነው የሚያሸንፈው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ነቀዝ ያልበሳው።»

ይህችን መልስ ለራሴ ተረጎምኳት። ትምህርት ቤታችን ሰኞ ሰኞ የንጽሕና ቁጥጥር ነበር። እሑድ እናቴ ጥፍሬን ትቆርጣለች፣ ፀጉሬን ታበጥራለች፣ አንገቴን እስኪቀላ ታሸኛለች። ሰኞ መምህራችን ያዩኝና «ጎበዝ» ይሉኛል። እሑድ የተቆረጠውን ጥፍር ማንም ማጭበርበር ብሎት አያውቅም። የጣሳዎቹንም ፈተና እንደዚያ ነበር የማየው፤ ፈታኟ እስክትመጣ ያለው ቀን ሁሉ እሑድ ነው።

ሁዳዴ ሊያልቅ ሲቃረብ አንድ ቀን የሰብለ ሾፌር ዳቦ ሊወስድ መጥቶ «ነገ ጠዋት ትመጣለች» ብሎ ነገረን። ጋሽ ዩሱፍ እንጨት ሊያመጡ ፉሪ ወርደዋል። እናቴ ወዲያው ቤቱን ማሰናዳት ጀመረች። ወለሉ ታጠበ፣ ግድግዳው ተወለወለ። ከዚያ ከምድጃው ጀርባ ገብታ ጣሳዎቹን አየችና የአንዱን ጨርቅ ገለጥ አደረገች። ከውስጡ ቡናማ ዱቄት ቦነነ።

«ውይ በስመአብ! ይሄን ነው ነገ የመንግሥት ሰው ፊት የማቀርበው?»

«ጨርቁ አይፈታ ብላለች» አልኩ።

«አይፈታ ያለችው ነቀዙ እንዳያመልጥ ነው። ይኸው ሞቷል፤ ሬሳ ምን ያመልጣል? ለእንግዳ ያልተለቀመ እህል ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ጋሽ ዩሱፍ ወንድ ናቸው፣ ይሄን አያውቁም። በይ፣ ሙሉ፣ ሰፌድ አምጪና ልቀሚ። የተበሳውን ለእሳት፣ ደህናውን ወደየጣሳው። እንዳታቀላቅይው ደግሞ!»

እኔ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገርና እጅግ ደስ አለኝ። ከመደርደሪያው መጀመሪያ ያወረድኩት የጋሽ ዩሱፍን ጣሳ ነው። ለቀማ አውቅበታለሁ፤ እናቴ ስንዴና ምስር እያስለቀመች ነው ያሳደገችኝ። እየነፋሁ፣ እያገላበጥኩ፣ የተበሳችውን እየለየሁ፣ ደህናዋን እየመለስኩ ሦስቱንም ጨረስኩ። ስለቅም ደግሞ ርቦኝ ነበርና ከደህናዎቹ በላሁ፤ ከሁሉም ጣሳ።

ዱቄቱንና ነቀዙን እሳት ውስጥ ደፋሁ። የተበሱትን ግን ልደፋ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ነቀዙ የወጣበት ቀዳዳ ክብ ነው፤ በመሰርሰሪያ የተበሳ ነው የሚመስለው። ከዚያ በፊት ዶቃ ኖሮኝ አያውቅም። ከዱቄት ጆንያ ክር ተረተርኩ፣ የእናቴን የጆንያ መርፌ ሰረቅሁ፣ በቀዳዳው እያስገባሁ በሌላው ጎን እያወጣሁ ሰካኋቸው። ሲያልቅ ሦስት ዙር አንገቴን የሚጠመጥም ጌጥ ሆነ። እናቴ ለእሳት ያለችውን እንደማስቀር ብታውቅ ጀርባዬ ይናገር ነበር፤ ስለዚህ ከእንጨት ክምሩና ከአጥሩ መሃል ሸሸግሁት። ጋሽ ዩሱፍ አመሻሽ ላይ ከፉሪ ሲመለሱ ጨርቆቹ እንደነበሩ ታስረዋል። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ቆመው አይተው ሄዱ።

በማግስቱ ሰብለ ደብተሯን ይዛ መጣች። ጋሽ ዩሱፍ ንጹሕ ሽርጥ አሸርጠው፣ ከረጢታቸውን አውርደው በጉልበታቸው መሃል ይዘዋት ተቀምጠዋል። ሰብለ የመጀመሪያውን ጨርቅ ፈታች። ሁለተኛውን ፈታች፣ ሦስተኛውን ፈታች፤ ሁሉንም ሰፌዱ ላይ እየገለበጠች አየች።

«አንድም የተበሳ የለም» አለች።

«ለቅመን ነዋ!» አለች እናቴ፣ ፊቷ በርቶ። «ነቀዝ እንደሞላው ላቀርብልሽ ኖሯል? ልጄ ሙሉ ናት የለቀመችው፣ ጎበዝ ናት።»

ሰብለ ቀስ ብላ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠች። «እትዬ በላይነሽ፣ እኔ የመጣሁት የተበሳውን ልቆጥር ነበር።»

እናቴ ገና ሳይገባት «ታዲያ ምን ችግር አለው? ከመቶው የጎደለውን መቁጠር ነዋ!» አለች። ሰብለ ቀና ብላ አየችኝ። «ሙሉ፣ ስትለቅሚ በልተሻል?»

«አዎ።»

«ከየትኛው?»

«ከሁሉም።»

«የተበሱትስ?»

«ለእሳት ነው ያልኳት» አለች እናቴ። አሁን ገብቷት ነበር፤ ድምፅዋ ወረደ። ሰብለ ደብተሯን ዘጋች። «ያላየሁትን አልጽፍም፣ ጋሽ ዩሱፍ። ብጽፍም ነገ ዘሩን የሚዘራው ገበሬ ነው የሚጎዳው። መኪናው ነገ ይወርዳል፤ ሌላ ፈተና ለመጀመር ደግሞ ጊዜ የለም።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ወይኔ፣ ምን አደረግሁ! ጋሽ ዩሱፍ፣ ይማሩኝ።»

«አቦ፣ ተዪ። እንግዳ ማክበር ጥፋት አይደለም» አሏት። ከዚያ የከረጢቷን ገመድ ፈቱ። ቋጠሮው ጥብቅ ስለነበር ብዙ ቆዩበት። ከረጢቷን ለእናቴ ዘረጉላት። «እንኪ። ምድጃው ገና ሞቃት ነው። ቁያቸውና እንብላቸው። ከረጢት ውስጥ ከምትሞት ሰው ሆድ ውስጥ ብትገባ ይሻላል።»

እናቴ አልተቀበለችም፤ እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች። እሳቸውም ተነስተው ራሳቸው ወደ ምድጃው አፍ ሄዱ። እግሬን እኔ ላንቀሳቅሰው ወይስ ራሱ ይሩጥ እንጃ፣ ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ተገኘሁ። ስመለስ ጋሽ ዩሱፍ መጥበሻ ትሪውን ስበው ከረጢቷን ሊደፉ ነበር።

«አላቃጠልኳቸውም!» ብዬ ጮህኩ፤ ጌጡን ከፍ አድርጌ ይዤዋለሁ።

ሁሉም ዞሩ። እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ የጆንያ ክሯን አየች። ሰብለ መጥታ ጌጡን ከእጄ ወስዳ ለብዙ ጊዜ አየችው። «ሁሉንም ሰክተሻቸዋል? የጣልሽው የለም?»

«አንድም።»

«እመኛት። ልጅ ዶቃ አይጥልም» አሉ ጋሽ ዩሱፍ። ከረጢቷን አሁን ደረታቸው ላይ ይዘዋታል።

ሰብለ ጌጡን ሰፌዱ ላይ ዘርግታ ደብተሯን ከፈተች። መለየቱ አላስቸገረም፤ ረጅሙ ለስላሳ ነው፣ ቀዩ በቀዳዳው ፍሬው ይታያል፣ የጋሽ ዩሱፍ ደግሞ አፍንጫ አላት። ጋሽ ዩሱፍ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው እያንዳንዷን በክሩ ላይ እያሳለፉ ይቆጥሩ ጀመር፤ ከሶላት በኋላ መቁጠሪያቸውን የሚያሳልፉትም እንደዚያው ነው። ረጅሙ ስልሳ አንድ ሆነ። ቀዩ አርባ ስምንት። ባለ አፍንጫዋ አሥራ ሁለት ደርሳ፣ በክሩ ጫፍ አንዲት ቀረች።

የምወዳቸውን ሰው በደልኩ ብዬ ውስጤ እየነደደ ነበር፤ ልክስ ፈለግሁ። «ይቺን ነቀዝ አልነካትም» አልኩ። «እኔ ነኝ በመርፌ የበሳኋት።»

ሰብለ እስክሪብቶዋን ያዝ አድርጋ ጋሽ ዩሱፍን አየቻቸው። እሳቸው ኦቾሎኒዋን ወደ ብርሃን አንስተው አዟዟሯት፤ እኔንም አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«አይደለም፣ ሙሉዬ» አሉ። «መርፌ እንዲህ አያከብም። ይቺ የነቀዝ ናት። ቁጠሪያት።»

«አንዲት ናት እኮ፣ ጋሽ ዩሱፍ» አለች እናቴ።

«ፋጡማም የጀመረችው ካንዲት ነው። በዘር አይዋሽም።»

ሰብለ አሥራ ሦስት ብላ ጻፈች። ከሥሩም «በልጅ የአንገት ጌጥ ላይ የተቆጠረ» ብላ ጨመረችና አነበበችልን። «ሙሉ ፈተና ነው አልልም፤ ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ቆላ ደግመን እንፈትናታለን። ለነገው መኪና ግን ይበቃል» አለች። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ አባቴ መተኛቱ ትዝ ብሏት ዋጠችው።

«ምን ብዬ ልመዝግባት? ስም ያስፈልጋታል» አለች ሰብለ።

ጋሽ ዩሱፍ ከረጢቷን መዳሰስ ጀመሩ። ስሙ የጠፋባቸው ስለመሰለኝ ረዳኋቸው። «ፋጡማ በያት! እትዬ ፋጡማ ናቸው የመረጧት። መንገድ ላይ የቀሩት።»

ጋሽ ዩሱፍ ትከሻቸው ላይ ያለውን ጨርቅ አውርደው ፊታቸውን ሸፈኑ። አለቀሱ። እናቴ እጄን ይዛ ወደ እሷ ሳበችኝ። ያን ጊዜ ነው «መንገድ ላይ ቀረች» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። ድንጋይ ላይ የተቀመጡትን ሴቶች ሁሉ አስታወስኩና እኔም አለቀስኩ። ሰብለ ጎንበስ ብላ ጻፈች። ቆይታ ደብተሩን አዞረችልኝ፤ ፋጡማ የሚለውን ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩ።

በማግስቱ መኪናው መጣ። ጌጤን ሰብለ ለማስረጃ ወሰደችው። ጋሽ ዩሱፍ ከረጢቷን በእጃቸው ጫኑ፤ ለራሳቸው አንዲት ፍሬ እንኳ አላስቀሩም። እናቴ ለመንገዱ ዳቦ አስቆጥራ ስታበቃ ወደ እኔ ዞር ብላ «የሰረቅሽውን መርፌ ነገር ገና እንነጋገራለን» አለችኝ፤ እስክትሞት ድረስ ግን አላነሳችውም። መኪናው በለቡ ማሳዎች በኩል አቧራውን እያስነሳ ሄደ።

ወደ ውስጥ ስገባ ጋሽ ዩሱፍ ከምድጃው ጀርባ ቆመዋል። መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ትሪውም ደርቋል። ጣሳዎቹ በነበሩበት ቦታ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገዋል።

«በረደዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«አይ» አሉ፤ እጃቸውን አላነሱም። «እዚያ ቆላ ምን ያህል እንደሚሞቃት እያየሁ ነው።»

እኔም ጠጋ ብዬ እጄን ከእጃቸው አጠገብ አደረግሁ። ሞቃት ነበር።